«ጨጓራ ነው» ከተባለ በኋላ፦ የወላጅ የጉበት ምርመራ ወረቀት ሲደርሰን

ፎቶው የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነው። ደሴ ሲነጋ ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ነዋ። የላብራቶሪው ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ የቆየ ይመስላል፤ ጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ጥላ አርፎበታል፤ ከቁጥሮቹ ጎን ኮከብ ወይም ወደ ላይ የቆመ ቀስት አለ። ከሥሩ አጭር የድምፅ መልእክት ይከተላል፦ «ጨጓራ ነው አሉኝ፤ ጉበትም ትንሽ ከፍ ብሏል ብለዋል፤ አታስብ ልጄ።» ልጅ ግን ማሰብ ይጀምራል። ስልኩን ከፍቶ ስለ ጉበት ማንበብ ይጀምርና ሳይነጋ ካንሰር ላይ ይደርሳል።

በዚያ ወረቀት ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ኮከብ እንቆጥራለን። ኮከብ የበዛበት ያስደነግጠናል፣ ኮከብ የሌለበት ያሳርፈናል። የጉበት ምርመራ ግን በዚህ መንገድ አይነበብም። ሁለት ወረቀቶችን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላሳይ፤ አንዱ የእናት፣ ሌላው የአባት። ሁለቱም ለማስረዳት ያዘጋጀኋቸው ምሳሌዎች እንጂ የማንም ሰው ውጤት አይደሉም። ወደ ወረቀቶቹ ከመግባታችን በፊት ግን «ጨጓራ» የሚለው ስም ራሱ ጥቂት ወሬ ይፈልጋል።

አንድ ስም፣ ብዙ ጎረቤት

ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ለሚሰማ ሕመም ሁሉ እኛ ዘንድ አንድ ስም አለው። ቢያቃጥልም ጨጓራ፣ ቢወጋም ጨጓራ፣ ቢነፋም ጨጓራ። ችግሩ በዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ጨጓራ ብቻዋን አለመኖሯ ነው። የትንሹ አንጀት መጀመሪያ እዚያው ነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተኝቷል። የጉበት ግራ ክፍል እስከዚያ ይዘረጋል፤ የሐሞት ከረጢት በስተቀኝ ከጉበት ሥር ተንጠልጥሏል። ልብም ከላይ፣ በቀጭን የጡንቻ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ ተቀምጧል። የነዚህ የውስጥ አካላት የሕመም ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት በተቀራረበ ደረጃ ስለሆነ አንጎል የትኛው ጎረቤት እንደጮኸ በትክክል መለየት ይቸግረዋል። ለዚህ ነው ታማሚው በጣቱ ሳይሆን በመዳፉ «እዚህ ጋ» የሚለው።

የጨጓራ ባክቴሪያ ምርመራ ነገሩን ያወሳስበዋል። ኤች ፓይሎሪ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዘንድ እንደሚገኝ ይገመታል፤ አብዛኛው ተሸካሚ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ ባክቴሪያው ተገኘ ማለት የሕመሙ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። አንድ ሰው ባክቴሪያውም፣ የሐሞት ጠጠሩም አብረው ሊኖሩት ይችላሉ፤ መጀመሪያ የተገኘው ግን ፍለጋውን ይዘጋዋል። ከዚያ ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት፣ ትንሽ ፋታ፣ እንደገና ኦሜፕራዞል፤ ዓመት እንዲህ ያልፋል።

ጨጓራ የለም እያልኩ አይደለም፤ አለ፣ ቁስለቱም ያደማል። ነገር ግን የጨጓራ መቆጣት በራሱ የጉበት ምርመራን አያዛባም። «ጨጓራ ነው፣ ጉበትም ከፍ ብሏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለችው «ም» ብዙ ነገር ትደብቃለች። ሁለቱ አብረው ከመጡ ወይ ሁለቱንም የሚያስረዳ አንድ ምክንያት አለ፣ ወይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተገናኝተዋል። የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ደግሞ የሐኪሙ ብቻ ሥራ አይደለም።

አንድ አስተውሎት እዚህ ላይ፦ ዕድሜው የገፋ ወይም ስኳር ያለበት ወላጅ ድንገት የላይኛው ሆድ ሕመም ከላብ፣ ከትንፋሽ ማጠር ወይም ከማቅለሽለሽ ጋር ሲይዘው መጀመሪያ መታየት ያለበት ልብ ነው። ዛሬ የጉበት የምንለው ኤስጂኦቲ የሚባል የደም ምርመራ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሐኪሞችን የሳበው በድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ጊዜ ከፍ ስለሚል ነበር። ከጡንቻም ከልብም ይወጣል፤ የጉበት ብቻ ሆኖ አያውቅም።

የተቀደደ ጆንያ

«የጉበት ተግባር ምርመራ» የሚለው መጠሪያ ራሱ ያሳስታል፤ በውስጡ ካሉት አብዛኞቹ ተግባርን አይለኩም። ኤስጂፒቲ (ኤኤልቲ) እና ኤስጂኦቲ (ኤኤስቲ) በጉበት ሕዋስ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው። ሕዋሱ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳሉ። የጤፍ ጆንያ ሲቀደድ ወለሉ ላይ ክምር እንደሚታየው ማለት ነው፤ ክምሩ ጆንያው መቀደዱን ይናገራል፣ ውስጡ ምን ያህል እንደቀረ ግን አይናገርም። ይህን ምሳሌ ያዙልኝ፣ አባት ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ኤኤልፒ የሚባለው በዋናነት የሐሞት መተላለፊያ ቱቦዎች ምልክት ነው፤ ከአጥንትም ስለሚመጣ ጂጂቲ የሚባል ሌላ ምርመራ ምንጩን ለመለየት ይረዳል። ቢሊሩቢን ጉበት ከደም ሰብስቦ በሐሞት በኩል የሚያስወጣው ቢጫ ቀለም ነው። የጉበትን ሥራ በእውነት የሚመሰክሩት አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንና የደም መርጋት ጊዜ (አይኤንአር) ናቸው፤ ሁለቱም ጉበት በሚሠራቸው ነገሮች ላይ የተመሠረቱ ናቸውና። ፎቶው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሌሉት እነሱ ናቸው።

አሁን የእናትን ወረቀት እንይ። ዕድሜ 62። ኤስጂፒቲ 186፣ ኤስጂኦቲ 142፣ የሁለቱም ጣሪያ፣ ማለትም የጤናማው ቁጥር መጨረሻ፣ 40። ኤኤልፒ 388፣ ጣሪያው 120። ቢሊሩቢን 3.4፣ ከዚህ ውስጥ 2.6 ቀጥተኛ የሚባለው፤ ጠቅላላው ከ1.2 መብለጥ አልነበረበትም። አልቡሚን 4.1፣ ደህና።

አራት ኮከብ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው 186 ላይ ነው። ሐኪሞች ግን ቁጥሩን ብቻውን አያዩም፤ እያንዳንዱን በራሱ ጣሪያ ያካፍሉታል። ኤስጂፒቲ ከጣሪያው 4.6 እጥፍ፣ ኤኤልፒ 3.2 እጥፍ ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል 1.4 ገደማ ይመጣል። 5 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ያለው ሕዋሱ ላይ ነው ይባል ነበር፤ ሄፓታይተስ፣ መድኃኒት፣ መርዝ። 2 እና ከዚያ በታች ሲሆን ደግሞ ሐሞት መውረጃ አጥቷል ማለት ነው። በመካከል ያለው ድብልቅ ይባላል። የእናት ወረቀት ስለ ጉበት ከሚያወራው ይልቅ ስለ ቧንቧው ያወራል። ቀጥተኛው ቢሊሩቢን መብዛቱም ይህንኑ ያጠናክራል፤ ጉበቱ ቀለሙን አዘጋጅቷል፣ መውጫው ነው የጠበበው።

ወረቀቱ የማይነግረውን ደግሞ ታሪኩ ይሞላዋል። ሕመሙ መቼ ይነሳል? የሐሞት ጠጠር ሕመም ብዙ ጊዜ ቅባት ያለው ምግብ ከተበላ በኋላ፣ ማታ ወይም ሌሊት ይነሳል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ወደ ቀኝ ትከሻ ሥር ወይም ወደ ጀርባ ይሄዳል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይተዋል። ሁለት ወር ጾመው የፋሲካ ሌሊት በዶሮ ወጥ የገደፉ እናት «ጾሙ ጨጓራዬን ነካው» ቢሉ ማንም አይገረምም። ታዲያ በጾሙ ሁሉ ደህና ሰንብተው በፍስክ ቀን ብቻ የሚያማቸው ከሆነ ይህ ለሐኪም የሚነገር ትልቅ ፍንጭ ነው። ሽንታቸው እንደ ጠቆረ ሻይ ሆኗል? ዓይነ ምድራቸው ነጣ ብሏል? ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል? ሦስቱም ሐሞት አንጀት መድረስ ሲያቅተው የሚታዩ ናቸው።

ቀጣዩ እርምጃ አልትራሳውንድ ነው፤ ስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ሳይበሉ ቢነሡት የሐሞት ከረጢቱ ሞልቶ በደንብ ይታያል። አልትራሳውንድ በከረጢቱ ውስጥ ያለን ጠጠር በማግኘት ጎበዝ ነው። ወደ ቱቦው የወረደውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፤ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ይጋርደዋል። ስለዚህ «አልትራሳውንዱ ምንም የለም ብሏል» የሚለው መልስ ኤኤልፒና ቢሊሩቢን ከፍ ባሉበት ሁኔታ ጉዳዩን አይዘጋውም። ቱቦው ሰፍቷል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል፣ የቱቦውን ምስል የሚያሳይ ኤምአርአይ ይታዘዛል። ጠጠሩ ቱቦ ውስጥ ከተገኘ በአፍ በሚገባ መሣሪያ የሚወጣበት ኢአርሲፒ የሚባል ሕክምና አለ፤ አገር ቤት ከአዲስ አበባ ውጭ በቀላሉ አይገኝም፣ ለጉዞም ለገንዘብም አስቀድሞ መዘጋጀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በእኛ አገር ቱቦውን የሚዘጋው ሁልጊዜ ጠጠር አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ወስፋት ወደ ሐሞት ቱቦ ሊገባ ይችላል፤ በግና ከብት የሚያጠቃው የጉበት ትልም ሰውም ላይ ይገኛል።

ሁለት ነገሮች ግን ቀጠሮ አይጠብቁም። ሕመም፣ ቢጫነትና ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት አንድ ላይ ሲመጡ የተዘጋው ቱቦ መርቅዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ በ1877 (እ.ኤ.አ.) ሦስቱን አጣምሮ የገለጻቸው ሲሆን ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ይህ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው፣ «ነገ ሲነጋ እንሄዳለን» አይባልበትም። ሌላው ተቃራኒው ነው፤ ያለ ምንም ሕመም ቀስ ብሎ የመጣ ቢጫነት ከክብደት መቀነስ ጋር። ሰው ስላላመመው ይዘናጋል። የቆሽት ራስ ዕጢ ቱቦውን ከውጭ ሲጫነው እንዲህ ያደርጋል። ቢጫነት ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ወደ ባህል መድኃኒት የሚሮጥ ዘመድ በየቤቱ አይጠፋም፤ በዚህ ጉዳይ የሚባክነው ሳምንት ውድ ነው።

ኮከብ የሌለበት ወረቀት

የአባት ወረቀት ደግሞ ይኸው። ዕድሜ 64። ኤስጂፒቲ 38፣ ኮከብ የለውም። ኤስጂኦቲ 52፣ አንድ ኮከብ። ቢሊሩቢን 1.1። አባት «ከእናታችሁ የኔ ይሻላል» ብለው ይስቃሉ፤ ልጆችም ይስማማሉ። ሆዳቸው ግን ይከብዳቸዋል፣ ትንሽ ከበሉ ይጠግባሉ፣ ጨጓራ ነው ተብለዋል።

ፎቶ ያልተነሣው ሁለተኛ ወረቀት አለ፤ አጠቃላይ የደም ቆጠራው። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ፕላትሌት 88,000 ይላል። ዝቅተኛው ጤናማ ቁጥር 150,000 ነው። ዕድሜን፣ ሁለቱን ኢንዛይሞችና ፕላትሌትን አጋጥሞ የጉበት ጠባሳን የሚገምት ፊብ-4 የሚባል ቀላል ስሌት አለ፤ ከ1.3 በታች ሲሆን ያረጋጋል፣ ከ2.67 በላይ ሲሆን ያሳስባል። የአባት 6.1 ይመጣል።

ጆንያውን እናስታውስ። ለዓመታት ሲፈስ የኖረ ጆንያ በመጨረሻ ወለሉ ላይ የሚያፈሰው ብዙ ጤፍ አይኖረውም። ጉበት በጠባሳ ሲተካ፣ ሲሮሲስ ሲሆን፣ የሚጎዳው ሕዋስ እያነሰ ኢንዛይሞቹ ወደ ጤናማው ቁጥር ሊመለሱ ይችላሉ። ደም በጠባሳው ውስጥ ማለፍ ሲያቅተው ወደ ጣፊያ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ፕላትሌትን ይይዛል። የሆድ ክብደቱም፣ ቶሎ መጥገቡም ከዚያ ሊመጣ ይችላል። እርግጥ ፕላትሌትን የሚያወርደው ይህ ብቻ አይደለም፤ ወባም ያወርደዋል፣ ሁመራና መተማ ሠርቶ ለተመለሰ ሰው ካላዛርም መጠርጠር አለበት። በጣና ዙሪያና በመስኖ አካባቢ ላደገ ሰው ደግሞ ቢልሃርዚያ ጉበቱን ሳያስጮኽ ጣፊያውን ሊያሳብጥ ይችላል። ቁጥሩ ፍርድ አይደለም፤ ግን ችላ ተብሎ የሚታጠፍም አይደለም።

ለአባት ትውልድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ጋር የተቀላቀለው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሁሉ፣ እኛንም ጨምሮ፣ በራሱ ካልተከተበ በቀር ያለ መከላከያ ያደገ ነው። ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚገባው በወሊድ ጊዜ ወይም በልጅነት ነው፤ ከዚያ ለሠላሳ፣ ለአርባ ዓመት ድምፅ ሳያሰማ ይኖራል። ብዙ ወጣቶች መኖሩን ያወቁት ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩና «አታልፉም» ሲባሉ ነው፤ አዝነው ወደ ቤት ይመለሳሉ፣ ስለ ሕክምናው ግን የነገራቸው አይኖርም። እናታቸው፣ ወንድሞቻቸው ይመርመሩ የሚልም እንዲሁ።

ይህ የሚያሳዝነው መድኃኒት ስላለ ነው። ቴኖፎቪር በቀን አንድ ክኒን ቫይረሱን ይገታል፤ ጨርሶ አያጠፋውም፣ ጠባሳው እንዳይገፋ ግን ያደርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.) መመሪያውን ሲያሻሽል ሕክምና ሊጀምሩ የሚገባቸውን ሰዎች ክልል አስፍቷል፤ ከዓመታት በፊት «ተሸካሚ ነህ፣ መድኃኒት አያስፈልግህም» የተባለ ሰው ዛሬ እንደገና መታየት አለበት። አሜሪካ ላለው አንባቢም ነገሩ ቅርብ ነው፤ የአገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2023 ጀምሮ ማንኛውም ዐዋቂ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። አባት ፖዘቲቭ ከሆኑ ልጅ ገንዘብ ከመላኩ ጋር የራሱንም ደም ይስጥ። ማዕድ መለየት ግን አያስፈልግም፤ ሄፓታይተስ ቢ አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ ወይም በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት አይተላለፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ነው የማይጋሩት።

ጠባሳ ያለበት ሰው ደም ካስታወከ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ንግግሩ ከተደናገረ አስቸኳይ ነው። ለሆድ ሕመሙ ዲክሎፌናክ መዋጥም መውጋትም ለእርሱ አደገኛ ነው፤ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ያደማል።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው

የሁለቱም ወላጆች ታሪክ ውስጥ አንድ ሐኪሙ የማያየው ነገር አለ፤ አልጋው ራስጌ የተንጠለጠለው የመድኃኒት ፌስታል። ጉበትን ከሚጎዱት መካከል የታወቁት የቲቢ መድኃኒቶች ናቸው፤ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድ። አጉመንቲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተዋጠ ከሳምንታት በኋላ ቢጫ ሊያደርግ ይችላል፤ እስከዚያ ሰው ይረሳዋል። ፓራሲታሞል በልኩ ደህና ነው፣ ለዐዋቂ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከስምንት ፍሬ መብለጥ ግን የለበትም፤ ለከሳ ወይም አረቄ ለሚያዘወትር ሰው ከዚያም ያነሰ። አረቄ ሲነሣ፦ ኤስጂኦቲ የኤስጂፒቲን እጥፍ ከሆነ ሐኪሙ ስለ መጠጥ የሚጠይቀው ነገር ለመፈለግ አይደለም። ሐረር አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ጫትን ከሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዘውታል።

ቅጠሉንና ሥሩን ማንም በፈቃዱ አይናገርም፤ እናቶች ሐኪም እንዳይቆጣቸው ይደብቁታል። ታሕታይ ቆራሮ የሆነው ግን ሊረሳ አይገባም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በምትገኘው በዚህች ወረዳ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰዎች በላይኛው ሆድ ሕመም ይጀምሩና ሆዳቸው በውኃ እያበጠ ይሞቱ ነበር። ተላላፊ መሰለ፣ እርግማን ተባለ። ምርመራው በመጨረሻ ያመለከተው ከእህል ጋር የተቀላቀለ አረም ነበር፤ በውስጡ ያለው የዕፅዋት መርዝ የጉበትን ትናንሽ የደም ሥሮች ይዘጋል። መልሱ የተገኘው ሰዎቹ የሚበሉትን በመጠየቅና በመመርመር ነው።

ፌስታሉ ውስጥ እኛ የላክነውም አለ። ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ የእርድ ክኒን፣ የአረንጓዴ ሻይ ክኒን፣ «ጉበት የሚያጸዳ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ። ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ማንንም አልጎዳም፤ በቁንዶ በርበሬ ተጠናክሮ በክኒን የተጨመቀው ግን በአሜሪካ ከጉበት ጉዳት ጋር ተያይዞ ተመዝግቧል። የሰው ልጅ እናቱን ወዶ በላከው ነገር ሊያሳምማት መቻሉ የሚያሳፍር ቢሆንም፣ መጠየቅ አለበት።

ለአውሮፓዋ እህት ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ስቶክሆልም ቢሊሩቢን የሚለካው በማይክሮሞል ነው፣ ጣሪያውም ከ20 በላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣውን 3.4 ስታይ «ይሄማ ደህና ነው» ትላለች። አገር ቤት የተለካው ግን በሚሊግራም ነው፤ በ17.1 ስታባዛው 58 ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሲባል ብዙው ወረቀት ከሁለቱም ምሳሌዎች የቀለለ ነው። ከጣሪያው እጥፍ ያልደረሰ ኤስጂፒቲ፣ ምንም ምልክት በሌለበት፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መደገም ነው። የተበላሸ የደም ናሙናና ቀኑን ሙሉ የተቆፈረ ማሳ ኤስጂኦቲን ከፍ ያደርጉታል፤ ስኳርና ውፍረት ያመጡት የጉበት ስብም የተለመደ ነው። ዋናው ካለፈው ጋር ማነጻጸር ነውና የአምና ወረቀት ካለ እንዳይጣል።

እና ያ ልጅ፣ ዋሽንግተን፣ እኩለ ሌሊት ላይ። መልሶ ሲደውል «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብሎ እንዳይጀምር እመኛለሁ። «እማዬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያምሽ? ምን በልተሽ ነበር? ሽንትሽ ጠቁሯል እንዴ?» ይበላት። ትስቃለች፣ «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ልጄ» ትላለች፤ ይሁን። ከዚያ ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘርግፋ እያንዳንዱን ፎቶ እንድታነሣ ይለምናት። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ደግሞ፦ «የአባባንም ወረቀት ላኪልኝ። ሁለቱንም ገጽ።»